ክፍት በርና ወንፊት

የአንድን ቤት ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሳሎኑን ሳይሆን ደጁን ይመልከት። ሳሎን ለእንግዳ ይሰናዳል፤ ይጠረጋል፤ ይጎዘጎዛል። ማን ያለ ጥያቄ እንደሚያልፍ፣ ማን ቆሞ እንደሚውል፣ ማንስ ሳይሰማ እንደሚመለስ የሚታየው ግን ደጁ ላይ ነው። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ለደጅ ሹመት ሰጥተውታል፤ አጋፋሪ የሚባለው ሹም ሥራው ወደ ጌታው የሚገባውንና የማይገባውን መለየት ነበር። ዛሬ አጋፋሪ የለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግን መዝገብ ቤት አለ። ገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ጉዳዩ ሲያልቅም ፋይሉ ይዘጋል። ቁጥር ያላገኘ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት አንድ ለየት ያለ መዝገብ ቤት አለ። ሕንፃ የለውም፤ ጸሐፊዎቹ ኮምፒዩተሮች፣ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ደጁን ክፍት አድርጎ ኖሯል። የማይረባ ደብዳቤ ባጥለቀለቀው ጊዜም በሩን ከመዝጋት ይልቅ ወንፊት መሥራትን መረጠ። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የዚህን መዝገብ ቤት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ የቆየ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ይኸውም ሁሉም ይሰማ ባልን ጊዜ አታላዩና ቀልማዳው ቢገባብን ምን እናድርግ የሚለው ነው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ግን ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

መዝገቡ

ዴቢያን የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት በኦገስት 1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ነው። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ፣ በፈቃደኞች ጉልበት የሚሠራ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ሥርዓት ነው። ሥራው በየአገሩ ተበታትነው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የተከፋፈለ በመሆኑ፣ አንዱ ያዘጋጀው ፕሮግራም ሲበላሽ ቅሬታው ለማን ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። በ1994 ኢያን ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ፕሮግራመር፣ ኋላ የፕሮጀክቱ መሪ ለመሆን የበቃው ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ዴብባግስ ይባላል። ‹ባግ› በኮምፒዩተር ሰዎች አነጋገር የፕሮግራም እንከን ማለት ነው፤ ስለዚህ ዴብባግስን የእንከን መዝገብ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንከን ያገኘ ሰው ለአንድ የታወቀ አድራሻ ኢ-ሜይል ይጽፋል። በደብዳቤው ራስ ላይ የፕሮግራሙን ስምና የእትሙን ቁጥር በየመሥመራቸው ያሰፍራል፤ ከዚያ በታች የደረሰበትን ይተርካል። ማሽኑ ለደብዳቤው ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለላኪው ‹ደርሶናል፣ ቁጥርዎ ይህ ነው› የሚል መልስ ይሰዳል፤ ግልባጩን ለፕሮግራሙ ኃላፊ ያስተላልፋል፤ ደብዳቤውንም ማንም ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ራሱ አድራሻ ይሆናል፤ ወደዚያ አድራሻ የተጻፈ ሁሉ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝና ‹ተፈጸመ› የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ከተጨመረበት ደግሞ ደብዳቤው ፋይሉን ይዘጋዋል። ለማሽኑ ትእዛዝ የሚላክበት ሌላም አድራሻ አለ፤ ሁለት ፋይሎችን ለማዋሐድ፣ አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ለመምራት፣ የእንከኑን ክብደት ከተራ ምኞት እስከ እጅግ አደገኛ ባሉት 7 ደረጃዎች ለመመደብ ያገለግላል። ከሁሉም ደስ ያለኝ ነገር፣ ትእዛዝ ሰጪው በመጨረሻ ‹አመሰግናለሁ› ብሎ ከጻፈ ማሽኑ ትእዛዙ አልቋል ብሎ ማንበቡን ማቆሙ ነው። ምስጋናን ሥርዓተ ነጥብ ያደረገ መዝገብ ቤት ሌላ አላውቅም።

ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ፣ ፎርም የሚያስሞላ፣ የይለፍ ቃል የሚያስመዘግብ የለም። ሌላው ቀርቶ የሌላ ሰው ፋይል ለመዝጋትም ፈቃድ አያስፈልግም። ይህ የዋህነት ሊመስል ይችላል። ዋስትናው ግን ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ደብዳቤና ትእዛዝ ከነላኪው በአደባባይ ይታያል፤ የተዘጋውም እንደገና ሊከፈት ይችላል። ዴቢያን በጁላይ 1997 ባጸደቀው የማኅበራዊ ውል ሰነዱ ችግሮችን ላለመደበቅና የእንከን መዝገቡን ዘወትር ለሕዝብ ዕይታ ክፍት ለማድረግ ቃል ገብቷል። ስለዚህ የበሩ ክፍትነት ቃል ኪዳን እንጂ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አልነበረም።

በኢ-ሜይል መሆኑም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ኢ-ሜይል ያስተላልፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በኮምፒዩተር ይጠራቀሙና የስልክ መሥመር በተገኘ ሰዓት በአንድ ጊዜ ይላኩ ነበር። ኢንተርኔት ለደንበኞች የተከፈተው ኋላ በ1997 ነው። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሰው፣ ገጽ ከፍቶ፣ ተመዝግቦ፣ መሥመሩ ሳይቋረጥ ፎርም ሞልቶ መጨረስ ሌላ ጣጣ ነው። ኢ-ሜይል ግን መብራት ባለበት ሰዓት ይጻፋል፤ መሥመር በተገኘ ሰዓት ይላካል። ድሀ ግንኙነት ላለው ሰው ክፍት የሆነ በር ይኸ ነው።

መንገዱ

ደብዳቤው እንዴት ከዚያ መዝገብ እንደሚደርስ ለመረዳት የራሳችን ፖስታ ቤት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ካቋቋሙበት ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ታሪካችን ደብዳቤ በአብዛኛው በየቤቱ የሚታደል አልሆነም፤ ባለጉዳዩ ሄዶ ከፖስታ ሣጥኑ ይወስዳል። ‹ፖ.ሣ.ቁ.› የምንላት አሕጽሮት የዚህ ምልክት ናት። የኢ-ሜይል አድራሻም ሁለት ክፍል አለው። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ከመረጠው የ‹አት› ምልክት በስተቀኝ ያለው እንደ ከተማው ነው፤ በስተግራ ያለው እንደ ሣጥን ቁጥሩ። በጃንዋሪ 1986 ክሬግ ፓርትሪጅ ባወጣው ሰነድ እያንዳንዱ ‹ከተማ› ደብዳቤውን የሚቀበልለትን ማሽን በአደባባይ መዝገብ እንዲያሳውቅ ተደረገ። ተቀባዮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ እሱ ካልተገኘ ደብዳቤው ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

የእንከን መዝገቡ ችግር ሣጥኖቹ ተቆጥረው የማያልቁ መሆናቸው ነው። በየዕለቱ አዳዲስ ቁጥር ይወለዳል፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ1,000,000 አልፏል። እያንዳንዱን ሣጥን አንድ በአንድ መመዝገብ የማይታሰብ በመሆኑ፣ ለፖስታ አስተላላፊው ፕሮግራም የሚሰጠው የስም ዝርዝር ሳይሆን ደንብ ነው። ‹ከምልክቱ በስተግራ ያለው ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ቁጥር ሆኖ ሰረዝና ከእነዚህ የታወቁ ቃላት አንዱ ከተከተለው፣ ለመዝገቡ አስረክብ፤ አለዚያ እንዲህ ያለ ሣጥን የለም ብለህ መልስ› ይባላል። ደንቡ ጠቦ ከተጻፈ እውነተኛ ደብዳቤ ይመለሳል፤ ሰፍቶ ከተጻፈ ደግሞ ማንም በግምት የፈጠረው አድራሻ ሁሉ ይገባል።

ደብዳቤው ከተረከበ በኋላ ወዲያው አይነበብም። ተቀባዩ ፕሮግራም በፋይል ያኖረውና በስሙ መነሻ ላይ አንዲት ፊደል ይለጥፍበታል። ፊደሏ ‹ገና ያልተጣራ› ማለት ትሆናለች፤ ማጣሪያውን ሲያልፍ በሌላ ፊደል ትለወጣለች፤ ሌላው ፕሮግራም ሊሠራበት ሲያነሣው ደግሞ እንደገና ትለወጣለች። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ዓላማ አለው። አንዱ ሠራተኛ በመሃል ቢወድቅ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ቢቆም፣ ደብዳቤው የት እንደደረሰ ይታወቅ ዘንድ ነው። በየቢሮው ‹ፋይሉ ጠፍቷል› መባል የሰለቸው አንባቢ የዚህችን ፊደል ዋጋ ያውቃታል።

ጎርፉ

በእንግሊዝ አገር እስከ 1840 ድረስ የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። በዚያ ዓመት በሮውላንድ ሂል ሐሳብ የአንድ ፔኒ ቴምብር ወጣና ከፋዩ ላኪው ሆነ። ይህ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ዓለምን ያዳረሰ የፖስታ ሥርዓት መሠረት ናት፤ ላኪው ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ ሳያስብ አይልክምና። ኢ-ሜይል ሲመጣ ግን ነገሩ ሳይታወቅ ወደ ኋላ ተመለሰ። ለመላክ የሚወጣው ወጪ ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ጊዜውን፣ የማሽኑን ቦታና የስልክ ሂሳቡን የሚከፍለው ተቀባዩ ሆነ።

በዚያ ላይ የኢ-ሜይል ሕግ የተጻፈው በሚተዋወቁ ሰዎች ዘመን ነበር። ጆን ፖስቴል በኦገስት 1982 ያወጣው የማስተላለፊያ ደንብ ላኪው ‹እኔ እገሌ ነኝ› ካለ እገሌ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ይሁንና ከዚያም በፊት ምልክት ታይቶ ነበር። በሜይ 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ የሽያጭ ሰው፣ አዲስ ኮምፒዩተር መጥታችሁ ተመልከቱ የሚል ማስታወቂያ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ላከ። ተቃውሞው ብርቱ ነበር። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ኋላ ‹ስፓም› ተባለ፤ ስያሜውም ሞንቲ ፓይተን የተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን በ1970 ካቀረበው፣ ያልተፈለገ የቆርቆሮ ሥጋ በየምግቡ ከሚገባበት ጭውውት የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ 1994 ልመልሳችሁ፤ ጃክሰን መዝገቡን ወደሠራበት ዓመት ማለቴ ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል 12፣ የአሪዞና ጠበቆች የሆኑት ባልና ሚስት ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል፣ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ውስጥ ከ5,000 በላይ ለሆኑ ክፍሎች አንድ ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር! ለመሳተፍ በዚያን ጊዜ ክፍያ የማይጠየቅበትን ዕጣ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ በእኛ በኩል ሙሉ የሚል ነበር። ዲቪ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነውና ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዓለምን የስፓም ታሪክ ለሁለት ከከፈሉት ድርጊቶች አንዱ የእኛንም ቤት የሚያንኳኳ የተስፋ ገበያ መሆኑ ያስገርመኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ክፍት በር ሠራ፤ ሌላው ክፍት በር እንዴት እንደሚዘረፍ አሳየ።

የእንከን መዝገቡ ለዚህ ጎርፍ የተጋለጠ ሜዳ ነበር። አድራሻዎቹ በአደባባይ ገጽ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ለቃሚ ፕሮግራሞች ያለ ድካም ይሰበስቧቸዋል። ባይለቅሙም ቁጥር ስለሆኑ መገመት ይቻላል። ጉዳቱም ገጹን በማቆሸሽ አያበቃም። ‹ተፈጸመ› ወደሚለው አድራሻ በዘፈቀደ የተላከ የመድኃኒት ማስታወቂያ፣ ካልተያዘ በቀር፣ አንድ ሰው ተጨንቆ የጻፈውን አቤቱታ ‹ተፈጽሟል› አሰኝቶ ሊዘጋው ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ። መዝገቡ ለጻፈለት ሁሉ ‹ደርሶናል› ብሎ በትሕትና ይመልሳል። ስፓም ላኪው ግን የራሱን ስም አይጽፍም፤ የማያውቀውን የሦስተኛ ሰው አድራሻ ይሰርቃል። ስለዚህ የመዝገቡ ትሕትና ምንም ያላደረገን ሰው ያልጠየቀውን መልስ ያሸክመዋል፤ የተበደለው መዝገብ ቤት ሳያውቀው በዳይ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ማሽኖች ‹ደርሶናል› ሲባባሉ እንዳያድሩም መዝገቡ በራሱ ደብዳቤ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ያ ምልክት ተመልሶ ቢመጣበት ዝም ይላል።

ወንፊቱ

ደጁ ላይ ያለው ማሽን ለመጣው ደብዳቤ ሦስት ዓይነት መልስ አለው፤ ሦስቱም በቁጥር ይነገራሉ። 250 ‹ተቀብያለሁ› ነው። 550 ‹አልቀበልም፣ ቁርጡን እወቅ› ነው። 451 ደግሞ ‹አሁን አልመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር› ነው። በ2003 ኢቫን ሃሪስ የተባለ ሰው ይህችን ሦስተኛዋን መልስ ወደ ብልሃት ለወጣት። የማያውቀው ላኪ ሲመጣ መጀመሪያ ‹ቆይተህ ና› ይለዋል። ደንብ የሚያከብር አስተላላፊ ደብዳቤውን ይዞ ይቆይና ይመለሳል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ደብዳቤ የሚረጨው የስፓም ፕሮግራም ግን ጊዜ ስለሌለው አይመለስም። አንባቢ ሆይ፣ ‹ነገ ተመለስ› ማለት በየቢሮው ሐቀኛውን ሲያንገላታ እንጂ ሐቀኛውን ከአጭበርባሪው ሲለይ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ኋላ ግን አንዳንድ ስፓም ላኪዎችም መመለስን ተማሩ።

ስለዚህ ይዘቱን መመርመር ግድ ሆነ። ጀስቲን ሜሰን በኤፕሪል 2001 ስፓምአሳሲን የተባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ዴብባግስም ለማጣሪያነት የሚጠራው ይህንኑ ነው። አሠራሩ እንደ ፈተና እርማት ነው። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ብዙ ደንቦች ይሞከራሉ፤ ርእሱ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነውን? ቀኑ ከእውነቱ የራቀ ነውን? የላከው ማሽን በክፉ የታወቀ ነውን? ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ልማዳዊው የመውደቂያ ነጥብ 5 ነው። አንድ ምልክት ብቻውን አያስኮንንም፤ ድምሩ ነው የሚታየው።

በኦገስት 2002 ፖል ግሬሃም የተባለው ፕሮግራመርና ጸሐፊ ሌላውን መንገድ በሰፊው አስተዋወቀ። ሐሳቡ የተመሠረተው በእንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤይስ ቀመር ላይ ነው፤ ቤይስ በ1761 ከሞተ በኋላ በ1763 የታተመለት ጽሑፍ ማለት ነው። ሰው ደንብ ከሚጽፍ ይልቅ ማሽኑ ደኅናውንና መጥፎውን ደብዳቤ አንብቦ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ክምር እንደሚበዛ ይቁጠር ተባለ። ግሬሃም አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። በደኅና ደብዳቤዎች ውስጥ የተገኘን ቃል ሁለት እጥፍ ቆጠረው። ሚዛኑን ሆን ብሎ ወደ ምሕረት አዘነበለው። ምክንያቱም ወንፊት በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ ወይ እብቁን ያሳልፋል፣ ወይ እህሉን ይጥላል። እብቅ ካለፈ ዓይን ያየዋል፤ እጅ ያነሣዋል። የተጣለ እህል ግን አይታይም። ያልደረሰ አቤቱታ ስለ አለመድረሱ የሚያመለክትበት ሌላ አቤቱታ የለውም።

የመዝገቡ ሰዎች ከዚህ ሌላ ለራሳቸው ደጅ የሚስማማ ብልሃት ጨመሩ። እውነተኛ ባለጉዳይ አንድን ጉዳይ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ፋይል ይጽፋል። ለብዙ ቁጥሮች ተመሳሳይ ደብዳቤ የሚልክ ግን ጉዳይ የለውም። ስለዚህ ማጣሪያው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ስንት ፋይል ላይ እንደደረሰ ይቆጥራል፤ ከተወሰነው በላይ ከሆነ ይይዘዋል። ከወንፊቱ ለሾለከው ደግሞ በየፋይሉ ገጽ ላይ ‹ይህ መዝገብ ስፓም አለበት› ብሎ ማመልከቻ ተደርጓል፤ ማንም አንባቢ ይጠቁማል፤ ጥቆማውን ሰው አይቶ ይወስናል። የመጨረሻው ፍርድ ከማሽን ወደ ሰው የተመለሰበት ቦታ ይህ ነው።

የወንፊቱ እንከን

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ወንፊቱ ራሱ እንከን ቢኖርበትስ? ነበረበት። ስፓምአሳሲን ቀናቸው እጅግ ወደፊት የሆነ ደብዳቤዎችን የሚቀጣ ደንብ ነበረው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች 2010ን ሩቅ ዘመን አድርገው አስበውት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ሲነጋ፣ በዕለቱ የተጻፈ ማናቸውም ደብዳቤ ‹ከወደፊት ዘመን የመጣ› ተብሎ ከ3 ነጥብ በላይ ይቀጣ ጀመር። የመውደቂያው ነጥብ 5 ሲሆን 3ቱን ሳይበድሉ መቀበል ማለት ነው። ማስተካከያው ፈጥኖ ወጣ። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት በዓለም ዙሪያ ስንት የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ ስንት የሥራ ደብዳቤ ወደ ቆሻሻ ክምር እንደገባ ማን ይቆጥረዋል? ጥፋቱ የተገኘውም ደንቡ በግልጽ የተጻፈ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ስለነበረ ነው። ደንቡ የተሰወረ ቢሆን ኖሮ ‹ለምን ወደቅሁ?› ለሚለው መልስ ሰጪ ባልተገኘ ነበር።

ሌላም እኛን የሚነካ ነገር አለ። በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ‹የምጠብቀው ደብዳቤ በእነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈውን ነው› ብሎ መወሰን ይቻላል፤ ሌላው ነጥብ ይቆጠርበታል። ሊመረጡ ከሚችሉት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። የፊደል ዓይነት በሚመረጥበት በሌላው ዝርዝር ግን እንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ሩስኛ፣ ታይኛና ቻይንኛ ሲኖሩ የእኛ ፊደል የለም። ሳይነካ ከተተወ ሁሉንም ይቀበላል፤ ክፋት አልታሰበበትም። ነገር ግን አንድ ጥንቁቅ ነኝ ባይ ተቆጣጣሪ ‹እኔ ዘንድ እንግሊዝኛ ብቻ› ያለ ዕለት፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም፣ ምሳሌ ወይም ትርጉም የያዘ ደብዳቤ ሳይበድል ተቀጭ ሊሆን ይችላል። ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚደረጉ የዴቢያን ትርጉሞችም ብዙዎቹ የሚገቡት በዚሁ በእንከን መዝገቡ በር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነበር፤ ቦታ ማግኘትና በደጅ ማለፍ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው።

ይህን ሳስብ ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ልምምድ በነበርኩበት አንድ ዝግጅት ክፍል ያየሁት ይታወሰኛል። የአንባቢያን ደብዳቤ ሲመጣ በጥሩ ወረቀት በማሽን የተጻፈው መጀመሪያ ይነበባል፤ በእርሳስ የተጻፈውና ፊደሉ የተዛባው ወደ ጎን ይደረግ ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ልምድ ነበር። ደብዳቤ ለያዡ ሰው ከመልክ ይዘትን መገመት ለምዶ ነበር። ዳሩ ግን መልኩ ከማያምረው ደብዳቤ መካከል ነው ውኃ ስለተቋረጠበት መንደር፣ ደመወዝ ስላልተከፈለው ዘበኛ የሚነበበው። የቤይስ ወንፊትም ከትናንት ክምር የተማረ ነው፤ ትናንት ያልተሰማ ዓይነት ድምፅ ዛሬም ለጆሮው እንግዳ ነው።

ሚዛኑ

በሩን መዝጋት የመረጡም አሉ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ለሞዚላ የተሠራው ባግዚላ የተባለው መዝገብ ጻፊው አስቀድሞ በስሙ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ጥቅም አለው፤ ባለጉዳዩ ይታወቃል፣ ቆሻሻው ይቀንሳል፣ ተቆጣጣሪውም እንቅልፍ ያገኛል። ዋጋው ግን አለ። አንድ እንከን ብቻ አይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊናገር የፈለገ ሰው፣ ለዚያች አንድ ቃል ሲል ተመዝጋቢ መሆን አለበት። ብዙው ሰው ‹ምን አገባኝ› ብሎ ይተወዋል። እንከኑም ይቀራል።

በሌላ በኩል የኢ-ሜይል መንገድ ራሱ እየጠበበ መጥቷል። ከ2006 ጀምሮ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጡ ደንቦች ተራ በተራ ወጡ፤ አስፈላጊም ነበሩ። ግን በኤፕሪል 2014 ያሁ ‹በእኔ ስም የተላከ፣ ከእኔ ማሽን ያልወጣ ደብዳቤ ሁሉ ይጣል› ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ የሰውን ደብዳቤ ተቀብለው ለሌሎች የሚያስተላልፉ ሐቀኛ አገልግሎቶች ሁሉ እንደ አስመሳይ ተቆጠሩ። የእንከን መዝገብ ሥራው ደግሞ ማስተላለፍ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ጉግልና ያሁ ብዙ ደብዳቤ በሚልኩ ላይ ጥብቅ መመዘኛ ጣሉ። እንዲህ እያለ የአጋፋሪነቱ ሥልጣን ከየትንሹ ደጅ ወደ ጥቂት ታላላቅ ደጆች እየተዛወረ ነው። ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2004 በዳቮስ ስፓም በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብሎ ነበር። ስፓሙ አልጠፋም፤ የጠፋው የትንንሾቹ ደጆች ነፃነት እንዳይሆን እፈራለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ክፍት በር ያለ ወንፊት አይቆምም፤ ‹ሁሉ ይግባ› ማለት ብቻውን በመጨረሻ ጯሂውን አስገብቶ ባለጉዳዩን ያስወጣል። ወንፊቱ ግን ሦስት ነገር ይጎድለው ዘንድ አይገባም። አንደኛ፣ የማይቀበለውን ደጁ ላይ ቁርጡን ይንገረው፤ ተቀብሎ በጨለማ አይጣለው። ላኪው ‹አልተቀበልንም› ከተባለ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ዝም ከተባለ ግን የተሰማ እየመሰለው ይኖራል። ሁለተኛ፣ ደንቡ ይነበብ፤ የማይነበብ ደንብ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። ሦስተኛ፣ ከማሽኑ ጀርባ የተጠራጠረበትን አንሥቶ የሚያነብ ሰው ይኑር።

በየመሥሪያ ቤቱ በራፍ ‹የአስተያየት መስጫ ሣጥን› የሚል ጽሑፍ ያለበት የቆርቆሮ ሣጥን ተሰቅሎ እናያለን። ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ማንም ሳይመዘገብ ጽፎ ይከታል። አንዳንዱ ቁልፍ ዝጎ ከሣጥኑ ጋር አንድ ሆኗል። እዚያ ውስጥ ስድብም ቀልድም ሊኖር ይችላል፤ ከመካከሉ አንዲት የእውነት ወረቀት ትኖር ይሆናል። ሣጥኑን ከመስቀል በፊት ማን ይከፍተዋል፣ በየስንት ቀኑ፣ ለጻፈውስ ሰው ቁጥር ማን ይሰጠዋል ብሎ መጠየቅ የሚገባው፣ ኮምፒዩተር አይቶ የማያውቅ ሰው ጭምር ይመስለኛል።